በሰኔ ወር በባሌ ተራሮች በአስጎብኚ የሚደረግ የትራውት ዓሣ ማስገር ጉዞ፦ ተጓዦች አስቀድመው ሊያውቋቸው የሚገቡ ጉዳዮች

በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በክረምቱ መግቢያ ትራውት ዓሣ ለማስገር የሚያስቡ ተገልጋዮች ዝግጅታቸውን የሚጀምሩት ብዙውን ጊዜ ከዘንግና ከመንጠቆ ነው። ይሁን እንጂ የሰኔን ጉዞ የሚያሰናክሉት በዋናነት ሁለት ጉዳዮች ናቸው፦ ተገቢው ፈቃድ ሳይያዝ ወንዝ ዳር መድረስ፣ እንዲሁም ወንዙ ቢሞላ ምን እንደሚደረግ ሳይስማሙ የአገልግሎት ክፍያ መፈጸም። ይህ መረጃ የተዘጋጀው የሀገር ውስጥ ጎብኚዎች፣ ትውልደ ኢትዮጵያውያንና በሀገራችን የሚኖሩ የውጭ ዜጎች ከቤታቸው ከመነሣታቸው በፊት እነዚህንና ተያያዥ ጉዳዮችን አጣርተው እንዲጓዙ ለማገዝ ነው።

ስለ ቦታውና ስለ ዓሣው

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን 2,150 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ዋና ጽሕፈት ቤቱ የሚገኘው በዲንሾ ከተማ ነው። ዲንሾ ከአዲስ አበባ በሻሸመኔ፣ በዶዶላና በአዳባ በኩል 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በአውሮፕላን ለሚጓዙ ቅርቡ አውሮፕላን ማረፊያ ሮቤ ሲሆን ከዚያ ወደ ዲንሾ በመኪና 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ኋላ መመለስን ይጠይቃል።

ትራውት የሀገራችን ነባር ዓሣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻና በቀጣዮቹ ዓመታት ከኬንያ መጥቶ ዌብንና ዳንካን በመሳሰሉ የባሌ ደጋ ወንዞች እንዲራባ የተደረገ ነው። በሁለት ዓይነቱም ይገኛል። አንደኛው በጎኑ ላይ ከጉንጩ እስከ ጭራው የሚዘልቅ ሐምራዊ ዘለበት ያለው ቀስተ ደመናማ ትራውት ነው፤ ሁለተኛው በፈዛዛ ክብ የተከበቡ ቀያይ ነጠብጣቦች ያሉት ቡናማ ትራውት ነው። ሁለቱም የሚኖሩት ቀዝቃዛና ፈጣን፣ አየር በብዛት በተቀላቀለበት ውኃ ውስጥ ነው። በቆላ ሐይቆቻችን የምናውቃቸው ቆሮሶና አምባዛ ከሚወዱት ሞቃት ውኃ ፈጽሞ የተለየ ጠባይ አላቸው። ስለዚህ ዝዋይ ወይም ጫሞ ላይ ያስገረ ሰው ልምዱን ይዞ ቢመጣ የሚጠቅመው ትዕግሥቱ ብቻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ወንዞቹ ከሰኔቲ አምባና ከዙሪያው ረግረጋማ ሜዳዎች የሚነሡ ናቸው። ዌብ ከፓርኩ ወጥቶ የሶፍ ዑመርን ዋሻ ሰንጥቆ ያልፍና ወደ ደቡብ ምሥራቅ ወርዶ ከገናሌ ጋር ይቀላቀላል። በደጋው ላይ በሁለት እርምጃ የሚሻገሩት ጅረት በታችኛው ቆላ ለሰውና ለከብት ብቸኛ የመጠጥ ውኃ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ስለ ውኃ ንጽሕና የሚነሡት ነጥቦች ሁሉ ከዚህ እውነታ የሚመነጩ መሆናቸውን ከወዲሁ ማስታወስ ያስፈልጋል።

የሰኔ ወንዝ ጠባይ

በግልጽ ለመናገር፣ ለትራውት ማስገር አመቺ የሚባለው ወቅት ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ደረቅ ጊዜ ነው። በፓርኩ ሰሜናዊ ክፍል ዝናቡ ከበልግ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ ይዘልቃል። ሰኔ የሚመረጥባቸው የራሱ ምክንያቶች ግን አሉት። ሜዳው ለምልሟል፤ የጎብኚው ቁጥር አነስተኛ ነው፤ ተማሪዎች ትምህርት የሚዘጉበት ጊዜ በመሆኑም ለቤተሰብ ጉዞ ይመቻል። የሐምሌና የነሐሴ ዝናብም ገና አልከበደም። በመሆኑም የሰኔ ጉዞ የሚቻል ጉዞ ነው፤ ነገር ግን ወንዙ በሚፈቅደው ሰዓት ብቻ የሚከናወን ነው።

በዚህ ወር ጠዋቱ ብሩህ ሆኖ ከሰዓት በኋላ ደመናው መሰብሰቡና መዝነቡ የተለመደ ነው። ማታ የዘነበው ዝናብ ወንዙን አደፍርሶ ያድርና በማግሥቱ ረፋድ ላይ እንደገና ሊጠራ ይችላል። ትራውት ምግቡን በዓይኑ አይቶ የሚይዝ ዓሣ ስለሆነ በደፈረሰ ውኃ ውስጥ ማጥመጃ መወርወር ከድካም በቀር ውጤት የለውም። ሌሊቱ ካልዘነበ ተመራጩ ሰዓት ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ያለው ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ከወንዙ ዳር ርቆ ወደ ማረፊያ ማምራት ይመከራል።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ድንገተኛ ሙላት ነው። ተጓዡ በቆመበት ቦታ ጠብታ ሳይወርድ በላይኛው አምባ የጣለ ዝናብ ወንዙን ሊያስመጣው ይችላል። የጠራው ውኃ ቀለሙን መቀየሩ፣ ሣርና ቅጠል ተንሳፎ መምጣቱ፣ የወንዙ ድምፅ መወፈሩ የሙላት ምልክቶች ናቸው። ከእነዚህ አንዱ በታየ ጊዜ ዕቃ ለመሰብሰብ እንኳ ሳይዘገዩ ወደ ከፍታ መውጣት ይገባል። ቀላልና አስተማማኝ ዘዴ ማስገር ከመጀመሩ በፊት በውኃው ጠርዝ ላይ እንጨት ተክሎ በየጊዜው መመልከት ነው፤ ውኃው እንጨቱን ካለፈ የዕለቱ ማስገር አብቅቷል። ጠዋት በጉልበት ልክ የተሻገሩትን ወንዝ ማታ በዚያው መመለስ እንደማይቻል አስቀድሞ በመገመትም ከማረፊያው ማዶ ባለው ዳርቻ ርቆ መሄድ አይገባም።

ፈቃድ፣ ክፍያና ደረሰኝ

ወደ ፓርኩ ለመግባት የሚቆረጠው ትኬት ዓሣ ለማስገር አያበቃም። ማስገር የተለየ ፈቃድ የሚጠይቅ ተግባር በመሆኑ ተጓዡ ዲንሾ በሚገኘው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ቀርቦ የሚያስግርበትን ወንዝና ቀን፣ የሚጠቀምበትን መሣሪያ አስታውቆ ፈቃድ መያዝ አለበት። ጽሕፈት ቤቱ የወንዙን ወይም የወቅቱን ሁኔታ ዐይቶ የተወሰነ ክፍል ሊዘጋ ስለሚችል ከጉዞው በፊት ስልክ ደውሎ ማረጋገጥ የሚወጣውን ጊዜና ገንዘብ ያድናል።

ጉዳዩ የሚመራባቸው ሕጎች በዋናነት የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 እና የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ናቸው። «ዓሣው ከውጭ የመጣ ስለሆነ ሕጉ አይመለከተውም» የሚለው አስተሳሰብ ስሕተት ነው። ዓሣው የሚኖርበት ወንዝም ሆነ ወንዙ የሚያልፍበት ምድር በሕግ የተጠበቀ ነው።

የመግቢያ ክፍያ እንደ ተጓዡ ዜግነትና የነዋሪነት ሁኔታ ስለሚለያይ መታወቂያ፣ ፓስፖርት ወይም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ መያዝ ያስፈልጋል። ማንኛውም የመንግሥት ክፍያ ሕጋዊ ደረሰኝ ይሰጥበታል። በመንገድ ላይ ወይም ወንዝ ዳር «እኔ ጋር ክፈሉ» ለሚል ሰው ገንዘብ አይስጡ። ሰኔ 30 የበጀት ዓመት መዝጊያ በመሆኑ በወሩ የመጨረሻ ቀናት ሒሳብ ክፍሎች ሥራ ይበዛባቸዋል፤ ከተቻለ ጉዳይዎን በወሩ መጀመሪያ ወይም አጋማሽ ላይ ቢጨርሱ ይመረጣል። ጉዞዎ ወደ ሐምሌ የሚሸጋገር ከሆነም የክፍያው ተመን አለመለወጡን ይጠይቁ።

ከአስጎብኚው ጋር የሚደረግ ስምምነት

በፓርኩ ውስጥ የሚደረግ የእግር ጉዞ በአካባቢው አስጎብኚ መሪነት ይከናወናል። አስጎብኚዎቹ በዲንሾ በማኅበር የተደራጁ የአካባቢው ተወላጆች ሲሆኑ ጓዝ የሚጭኑ ፈረሶችና ባለፈረሶችም በተራ ይመደባሉ። የአስጎብኚው፣ የፈረሱና የባለፈረሱ ክፍያ ከፓርኩ ክፍያ የተለየ ነው፤ በቀን ይታሰባል። ለአካባቢው ወጣቶች ከፓርኩ መኖር የሚገኘው ቀጥተኛ ጥቅም በአመዛኙ ይኸው በመሆኑ ተራውን አልፎ በግል ትውውቅ ሰው መውሰድ አይደገፍም።

የሰኔን ጉዞ ከሌሎች ወራት የሚለየው የስምምነቱ ይዘት ነው። በጥር ወር ሦስት ቀን የከፈለ ሰው በአመዛኙ ሦስት ቀን ያስግራል። በሰኔ ሦስት ቀን የከፈለ ግን አንድ ቀን ተኩል ብቻ ሊያስግር ይችላል። ቅሬታም የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ተጓዡ «ላላስገርኩበት ቀን አልከፍልም» ይላል፤ አስጎብኚው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከእርሱ ጋር በዝናብ ሲጠብቅ ውሏል። ሁለቱም የየራሳቸው እውነት አላቸው። የአስጎብኚው ቀን ወንዙ ስለሞላ የሚመለስለት አይደለም፤ የተጓዡም ገንዘብ እንዲሁ። ስለዚህ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት የሚከተሉት ነጥቦች በቃል ሳይሆን በወረቀት ቢሰፍሩ ሁለቱንም ወገን ይጠብቃል። ወንዙ ሞልቶ ማስገር ባይቻል ቀኑ በምን ይተካል? ወደ ፍንጫ ሐበራ ፏፏቴ በእግር መሄድ ወይም በጌይሳይ ሜዳ የደጋ አጋዘን መመልከት በዚያው የቀን ክፍያ ውስጥ ይካተታል ወይስ አይካተትም? ጉዞው ከታቀደው ቀን ቀድሞ ቢቋረጥ ላልዋሉ ቀናት የተከፈለው ይመለሳል ወይ? ፈረሶቹስ ተመልሰው ሲላኩ የመልስ መንገዳቸው ቀን ይታሰባል ወይ?

አንድ ነጥብ ግን ለድርድር መቅረብ የለበትም። ወንዙ ለመግባት ወይም ለመሻገር ደኅና መሆን አለመሆኑን የሚወስነው አስጎብኚው ብቻ ነው። ብዙ ሀገር ዞሮ ያስገረ፣ ውድ መሣሪያ የያዘ፣ ዕድሜው የገፋ እንግዳም ቢሆን በዚህ ጉዳይ የአስጎብኚውን ቃል መቀበል አለበት። ወጣት አስጎብኚዎች እንግዳን በማክበር ወይም የቀን ገቢያቸው እንዳይቀርባቸው በመስጋት «ይቅርብን» ለማለት ሊያመነቱ ይችላሉ። ስለዚህ ተጓዡ በመጀመሪያው ጠዋት «ውኃው አይሆንም ካልክ ሙሉ ክፍያህ አይነካም» ብሎ ቢያረጋግጥለት ለራሱ ደኅንነት የሚከፍለው ዋጋ ነው። በእኛ እምነት ከዘንግ ምርጫም ሆነ ከማጥመጃ ዓይነት በፊት ሊታሰብበት የሚገባው ይኸ ነው።

ቋንቋን በተመለከተ አብዛኞቹ አስጎብኚዎች አፋን ኦሮሞና አማርኛ፣ ከውጭ ቋንቋ ደግሞ እንግሊዝኛ ይናገራሉ። ባለፈረሶቹ ግን በአብዛኛው አፋን ኦሮሞ ብቻ ስለሚናገሩ ስለ ጭነትና ስለ ሰዓት የሚሰጥ ማሳሰቢያ በአስጎብኚው በኩል ይሁን።

ማረፊያና ዝግጅት

በፓርኩ ጽሕፈት ቤት አጠገብ በኮሶና በጽድ ዛፎች መካከል የሚገኘው የዲንሾ ሎጅ ለሰሜናዊ ወንዞች ቅርቡ ማረፊያ ነው። ከዚያ ወዲያ በዌብ ሸለቆ ውስጥ የሚያድር ሰው ድንኳን ይዞ መሄድ አለበት። በሐረና ጫካ በኩል የሚያርፉ እንግዶች የሰኔቲን አምባ አቋርጠው መምጣት ይኖርባቸዋል። መንገዱ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ስለሚልና በዝናብና በጉም ስለሚያዝ የጠዋቱ የማስገሪያ ሰዓት በመኪና ውስጥ ያልፋል። ለማስገር ብቻ የሚመጣ ሰው በዲንሾ ማደሩ ይሻለዋል።

ከዝቅተኛ ቦታ የሚመጣ ተጓዥ የመጀመሪያውን ቀን በዕረፍት እንዲያሳልፍ ይመከራል። በዚህ ከፍታ ራስ ምታት፣ የምግብ ፍላጎት ማጣትና እንቅልፍ ማጣት ሊከሰት ይችላል፤ ምልክቱ እየባሰ ከሄደ መድኃኒቱ ወደ ዝቅተኛ ቦታ መውረድ ነው። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር መነሣት የለበትም። ሌሊቱ በሰኔም ቢሆን ብርድ ነው። የሱፍ ልብስ፣ የዝናብ ልብስ፣ ቅያሪ ካልሲ፣ የእጅ ባትሪ እና ውኃ የማያስገባ ከረጢት ያስፈልጋሉ። ምግብ የሚበስልበት ምድጃና ነዳጅ ይዞ መሄድም ግዴታ ያህል ነው፤ ከፓርኩ እንጨት መቁረጥ የተከለከለ ሲሆን የወደቀውም ቢሆን በዚህ ወር እርጥብ ነው።

ጾመ ሐዋርያት በዚህ ወር ውስጥ የሚውልና እስከ ሐምሌ 5 የሚዘልቅ በመሆኑ የሚጾሙ ተጓዦች ለምግብ አዘጋጁ አስቀድመው ቢያሳውቁ ይመረጣል። በዲንሾ ገበያ የጾም አትክልት እንደ ልብ ላይገኝ ይችላል፤ ከሻሸመኔ ገዝቶ መሄድ ይቻላል።

መሣሪያን በሚመለከት ቀላል ዘንግ፣ ቀጭን ክርና ትናንሽ ማጥመጃዎች ይበቃሉ። በነፍሳት አምሳል ከላባና ከክር የሚሠራው ሰው ሠራሽ ዝንብ ለጠራ ውኃ ተስማሚ ነው። ውኃው በመጠኑ ደፍርሶ ከሆነ የሚሽከረከር ብልጭልጭ ማጥመጃ የተሻለ ይታያል። ትራውት ፊቱን ወደ ውኃው መምጫ አዙሮ፣ ከድንጋይ በስተኋላ ውኃው ረገብ በሚልበት ይቆማል፤ ስለዚህ ከወራጁ በኩል ወደ ላይ እየተራመዱ ማስገር አለመታየትን ያስችላል። ቀሪውን አስጎብኚው ያሳያል።

በወንዙና በዙሪያው ሊደረጉ የማይገባቸው

በየትኛውም ሁኔታ በሕይወት ያለ ትራውት፣ ጫጩቱን ወይም እንቁላሉን ከወንዙ አውጥቶ ወደ ሌላ ወንዝ፣ ኩሬ ወይም ግድብ መውሰድ አይፈቀድም። ይህ ጉዳይ በበጎ ሐሳብ የሚፈጸም ጥፋት በመሆኑ ሰፋ አድርጎ ማየት ይገባል። «በእኛም መንደር ወንዝ ቢራባ ሕዝቡ ይጠቀም ነበር» የሚል አሳቢ ሰው ጥቂት ዓሦች በጀሪካን ይዞ ሊሄድ ይችላል። ትራውት ግን አዳኝ ዓሣ ነው። ከዚህ በፊት በማያውቀው ወንዝ ሲለቀቅ በዚያ ያሉትን ነባር ዓሦች፣ የእንቁራሪት እጮችና የውኃ ነፍሳት ይበላል። አንድ ጊዜ ከተለቀቀም መልሶ ማውጣት አይቻልም። ዓሣ የማራባት ፍላጎት ያለው ግለሰብ ወይም ማኅበር በክልሉ የዓሣ ሀብት ዘርፍ በኩል ሕጋዊ ጥያቄ ማቅረብ ይችላል፤ ባለሙያዎችም ለቦታው የሚስማማውን ዝርያ ይመክራሉ።

ሁለተኛው ጉዳይ በጫማ ተይዞ የሚመጣ በሽታ ነው። የባሌ ተራሮች በሌላ በየትም የማይገኙ የእንቁራሪትና የጉርጥ ዝርያዎች መኖሪያ ናቸው። በብዙ ሀገራት እንቁራሪቶችን የጨረሰው ቆዳን የሚያጠቃ ፈንገስ በኢትዮጵያም መኖሩ በጥናት ተረጋግጧል፤ በሐረና አካባቢም የእንቁራሪቶች ቁጥር ማሽቆልቆሉን ተመራማሪዎች ዘግበዋል። ፈንገሱ እርጥበት ባለው ጭቃና ጫማ ከወንዝ ወደ ወንዝ ሊዛመት ይችላል። ስለዚህ በሌላ ወንዝ ወይም ሐይቅ የተጠቀሙበትን ቦቲ፣ መረብና ክር ከመምጣትዎ በፊት አጥበው በፀሐይ በደንብ ያድርቁ። በተለይ ከውጭ ሀገር መሣሪያቸውን ይዘው ለሚመጡ ይህ ማሳሰቢያ ተደጋግሞ ሊነገር የሚገባው ነው።

ውሻ ይዞ መግባት ክልክል ነው። የዌብ ሸለቆ የቀይ ቀበሮ ዋነኛ መኖሪያ ሲሆን በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ ይገኛሉ። ከቤት ውሾች የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ በተደጋጋሚ ተከስቶ ብዙዎቹን ፈጅቷል። የዓሣ ሆድ ዕቃና ቅርፊት በወንዝ ዳር መጣልም የእረኞችን ውሾች ወደ ሸለቆው ስለሚስብ የተጸዳው ዓሣ ትርፍ በፕላስቲክ ታሽጎ ከቆሻሻው ጋር ወደ ዲንሾ ይመለሳል። ፈንጂ፣ መርዝ ወይም ወንዙን ዘግቶ የሚይዝ መረብ መጠቀም በሕግ የሚያስጠይቅ ነው። በወንዙ ውስጥ በሳሙና መታጠብ፣ ዕቃ ማጠብና መጸዳዳትም እንዲሁ ከላይ ስለ ቆላው ሕዝብ በተገለጸው ምክንያት አይገባም።

ለምግብ የሚያዘው ዓሣ ብዛት በፈቃዱ ከተመለከተው መብለጥ የለበትም። የሚለቀቀውን ዓሣ በእርጥብ እጅ መያዝ፣ ከውኃ ሳያወጡ መንጠቆውን መንቀልና ፊቱን ወደ ውኃው መምጫ አዙሮ እስኪበረታ ደገፍ አድርጎ መቆየት ያስፈልጋል። የመንጠቆውን እሾህ በፒንሳ አስቀድሞ ማጠፍ ሥራውን ያቀለዋል፤ በራስ ጣት ላይ ቢሰካም እንዲሁ።

ማረፊያቸውን ፍንጫ ሐበራ አካባቢ ለሚያደርጉ፣ ወንዙ ሞልቶ ቀን የሚባክንባቸው ከሆነ፣ በዚያ የሚገኘው የድንጋይ መጠለያ ሊታይ የሚገባው ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነ ጥናት የሰው ልጆች ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት ባለው ዘመን በዚህ ብርዳማ ከፍታ ይኖሩ እንደነበረና ዋነኛ ምግባቸውም በባሌ ብቻ የሚገኘው ግዙፉ ፍልፈል እንደነበረ አመልክቷል። መጠለያው የጥናት ቦታ በመሆኑ አፈሩን መቆፈርም ሆነ ድንጋይ ማንሣት አይፈቀድም።

ቅሬታ ለማቅረብ

በጉዞው ላይ ከክፍያ፣ ከአስጎብኚ ምደባ ወይም ከፈቃድ አሰጣጥ ጋር የተያያዘ ቅሬታ ያለው ተጓዥ በመጀመሪያ ከዲንሾ ሳይወጣ ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ያቅርብ። አስጎብኚው፣ ባለፈረሱና መዝገቡ በዚያው ስለሚገኙ አብዛኛው ጉዳይ በዕለቱ ሊፈታ ይችላል። በዚያ ያልተፈታ ጉዳይ ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ሊቀርብ ይችላል። አቤቱታው የጉዞውን ቀን፣ የፈቃዱን ቁጥር፣ የደረሰኙን ቅጂና በወረቀት የሰፈረውን ስምምነት ያካተተ ሊሆን ይገባል። አስጎብኚዎችም በተጓዦች ላይ ያላቸውን ቅሬታ በማኅበራቸው በኩል በተመሳሳይ መንገድ የማቅረብ መብት አላቸው።